ስለ ካርባይድ ፑንታ፦ ጥንካሬው ብቻ አይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመት አንብቤያለሁ፤ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያስነሳችኝ በቅርቡ የእጅ ሙያ ዓምዳችሁ ላይ የወጣች አንዲት አረፍተ ነገር ናት። «ጠንካራ ብረት አልበሳ ካላችሁ ካርባይድ ፑንታ ግዙ፤ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው» ትላለች። ፑንታ ድሪል ላይ የሚገጠመው መብሻ ነው፤ ካርባይድ ደግሞ ከዱቄት ተጋግሮ የሚሠራ በጣም ጠንካራ ነገር። ውሸት የለባትም። ጎደሎ ናት እንጂ። ጉድለቷ ደግሞ እኔ ዘንድ ሙያ በሚማር ልጅ እጅ ላይ ታየ።

እኔ የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ብረት በሚቀርጹ ማሽኖች፣ ቶርኖና ሚሊንግ ላይ 26 ዓመት ቆሜያለሁ። ልጁ ዓምዱን አንብቦ 6 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከላይ እስከ ታች ካርባይድ የሆነ ፑንታ ገዝቶ ሰኞ ጠዋት መጣ። ከነማቀፊያው አሳየኝ፤ ደስ ብሎታል። እኔ ሥራ ይዤ ስለነበር «ጥሩ ነው፣ ቆይ እንነጋገራለን» ብዬው ወደ ማሽኔ ዞርኩ። እሱ ግን የት ይቆያል! የባሌስትራ (የመኪና ጠፍጣፋ ሞላ) ቁራጭ ሞርሳ በሚባለው ማሰሪያ ላይ አሰረ፤ ፑንታውን የእጅ ድሪል ላይ ገጠመ፤ ተጫነው። ሦስት ሰከንድ እንኳ አልሞላም፣ «ጢቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብረት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት አይደለም። ብርጭቆ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ነው። ዘወር ስል ግማሹ ፑንታ ድሪሉ ላይ አለ፤ ግማሹ ባሌስትራው ውስጥ ቀርቷል። እኔን ያስደሰተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዓይን መከላከያ መነጽሩን አድርጎ ነበር።

«እትዬ፣ ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው ተብሎ አይደል እንዴ?» አለኝ።

ልጁ አልተሳሳተም። ያሳሳተው ቃላችን ነው። «ጠንካራ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር ማለታችን ነው። አንዱ የማይጫር፣ ሌላው የማይሰበር። ብርጭቆ በጥፍር አይጫርም፤ ከእጅ ካመለጠ ግን አለቀለት። ጠፍር በጥፍር ይጫራል፤ ሁለት ሰው ቢጎትተው ግን አይበጠስም። ካርባይድ የመጀመሪያው ጥንካሬ አለው፤ ከተለመደው የሃይ ስፒድ ስቲል (የመሣሪያ ብረት) ፑንታ በብዙ ይበልጣል። ሁለተኛው ጥንካሬ ግን ያንሰዋል። መታጠፍ አያውቅም። ወይ ቀጥ ብሎ ይቆርጣል፣ ወይ ይሰበራል። መሐል ላይ ምንም የለም።

ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል አሠራሩ ነው። ካርባይድ እንደ ብረት ቀልጦ የተቀዳ ነገር አይደለም። የተንግስተን ካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ዱቄት ጋር ይደባለቅና ይታመቃል። ከዚያ ሙቀቱ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ምድጃ ይጋገራል። ኮባልቱ ቅንጣቶቹን ያጣብቃል። ጠጠርና ሲሚንቶ ብላችሁ አስቡት፤ የሚቆርጠው ጠጠሩ ነው፣ የሚይዘው ሲሚንቶው። ኮባልቱ ሲበዛ ስብራትን ይበልጥ ይችላል፤ ግን ቶሎ ይበላል። ሲያንስ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ለፑንታ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ኮባልቱ 10 በመቶ ገደማ፣ ቅንጣቱም ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰ ነው። ሻጭ «ካርባይድ ያው ካርባይድ ነው» ካላችሁ አትስሙት። ለቶርኖ ቢላ ተብሎ የተሠራና ለፑንታ ተብሎ የተሠራ ድብልቅ አንድ አይደለም።

በነገራችን ላይ ይህ ነገር የተወለደው ብረት ለመብሳት ተብሎ አልነበረም። ከአምፖል ጋር ነው ታሪኩ። የአምፖል ክር የሚሆነውን የተንግስተን ሽቦ እየሳቡ ለማቅጠን ቀዳዳ ያለው አልማዝ ያስፈልግ ነበር፤ አልማዝ ደግሞ ውድ ነው። ጀርመን ውስጥ የአምፖል ኩባንያው ኦስራም ዘንድ ይሠራ የነበረው ካርል ሽሮተር እ.ኤ.አ. በ1923 የዚህን ድብልቅ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። በኋላ የብረት ኩባንያው ክሩፕ «ቪዲያ» ብሎ ለገበያ አወጣው። «እንደ አልማዝ» ከሚሉት የጀርመንኛ ቃላት አሳጥረው ያወጡለት ስም ነው። የድሮ ባለሙያ ዛሬም «ቪዲያ» ሲል ብትሰሙ ይሄንኑ ማለቱ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ተግሣጽ አልሰጠሁትም። ዳያል ጌጅ፣ ጥቂት መወላገድን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ አመጣሁ። ሙሉ የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ የእጅ ድሪሉ ቻክ (ፑንታ የሚይዘው አፍ) ውስጥ አሰርን፤ ድሪሉን ሞርሳ ላይ አስደገፍነው፤ ጌጁን ዘንጉ ላይ አሳረፍንና ቻኩን ቀስ እያልን በእጅ አዞርን። መርፌዋ ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። 0.15 ሚሊሜትር። ዘንጉ ሲዞር ያን ያህል ይወላገዳል ማለት ነው። የእጅ ድሪል ነውና ብዙም አልገረመኝም። ከዚያ ዘንጉን ሚሊንግ ማሽኑ ላይ፣ ዙሪያውን እኩል ጨምቆ በሚይዘው ኮሌት ውስጥ አሰርነው። መርፌዋ ከ0.01 አላለፈችም።

«አሁን አስላልኝ» አልኩት። ይህ ፑንታ እንዲህ ያለ ብረት ሲበሳ በአንድ ዙር 0.05 ሚሊሜትር ያህል ነው ወደ ታች መውረድ ያለበት። ስለት ያለው ሁለት ነው። እያንዳንዱ ስለት የሚያነሳው ፍቅፋቂ ውፍረቱ 0.025 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የድሪልህ መወላገድ ግን 0.15 ነው። ከፍቅፋቂው ስድስት እጥፍ። አንዱ ስለት ከልክ በላይ ይነክሳል፣ ሌላው ባዶውን ይዞራል፣ ፑንታው በየዙሩ ወደ ጎን ይገፋል። የሃይ ስፒድ ስቲል ፑንታ ቢሆን ይለመጥ ነበር፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሥራው አያምርም፣ ግን ቀኑ ያልፋል። ካርባይድ ከብረት ሦስት እጥፍ ያህል ግትር ነው። አይለመጥም። በዚያ ላይ ደግሞ የሰው ክንድ መወዛወዝ አለ። ሦስት ሰከንድ መቆየቱም ይገርማል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ዓምዳችሁ ላይ የጎደለው ይሄ ነው። ሰው ካርባይድ ከመግዛቱ በፊት መጠየቅ ያለበት «የምበሳው ነገር ምን ያህል ጠንካራ ነው?» ብቻ አይደለም። «ፑንታውን የሚይዘው ምንድን ነው?» ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ማሽኑን ነው። የሚሊንግ ማሽን ወይም የማይነቃነቅ ጥሩ የቁም ድሪል ካለ፣ የሚበሳው ነገር በሞርሳ ወይም በማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ የሚታሰር ከሆነ፣ መወላገዱም ከ0.02 ሚሊሜትር የማይበልጥ ከሆነ ሙሉ ካርባይድ ይግዛ። የእጅ ድሪል ብቻ ያለው ሰው ገንዘቡን ኪሱ ያቆይ። ለእሱ የሚሻለው ኮባልት ያለበት ሃይ ስፒድ ስቲል ነው።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ መደናገር አለ። «ኮባልት ፑንታ» የሚባለው ካርባይድ አይደለም። ብረት ነው፤ 5 ወይም 8 በመቶ ኮባልት የተጨመረበት ሃይ ስፒድ ስቲል። ኤም35 እና ኤም42 ተብሎ የሚጻፍበት ማለት ነው። ጎበዝ ነው፤ ሙቀት ይችላል፣ ስቴንለስ ይበሳል፣ ትንሽ መወዛወዝም ይታገሣል። ግን ሁለቱም ውስጥ «ኮባልት» የሚል ቃል ስላለ ሻጩም ገዢውም ይቀላቅሏቸዋል። ወርቅማ ቀለሙም ማረጋገጫ አይደለም። ያ ቀለም ብዙ ጊዜ የቲታኒየም ናይትራይድ ልባስ ነው፤ ተራ ፑንታም ይለበሳል። አንዳንዱማ ለመልክ ብቻ ነው።

እንዴት ይለያል? በእጅ። ልኩ አንድ የሆነ ተራ ፑንታ በአንድ እጅ፣ ካርባይድ ነው የተባለውን በሌላ እጅ ያዙ። የካርባይድ ክብደት የብረትን ሁለት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፤ አንድ ሴንቲሜትር ኩብ ብረት 8 ግራም ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ካርባይድ 14 እና ከዚያ በላይ ይመዝናል። መዳፍ ወዲያው ያውቀዋል። እኔ አንዴ ከአንድ ሻጭ አሥር ፍሬ ገዝቼ፣ ቤት ገብቼ በእጄ ስመዝናቸው አራቱ ቀለም የተቀቡ ተራ ፑንታዎች ሆነው አግኝቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ አንድ ተራ ፑንታ ሳልይዝ ግዢ አልወጣም።

የኮንክሪት ፑንታም ሌላ ነው። ጫፉ ላይ ካርባይድ ተበይዶበታል፤ አካሉ ግን ብረት ነው። ጫፉ እንደ ሽብልቅ ደንደን ያለ ነው፤ ድንጋይ በምት እየፈረፈረ ይገባል እንጂ አይቆርጥም። «ካርባይድ አይደል» ብላችሁ ብረት ላይ ብትጫኑት ይጋግልና ብየዳው ይለቃል። በተቃራኒው ለብረት የተሠራ ሙሉ ካርባይድ የሚመታ ድሪል ላይ ከተገጠመ የመጀመሪያው ምት ይበቃዋል። ለፖርሴሊን ንጣፍና ለመስታወት ደግሞ የአልማዝ ቀዳጅ ይሻላል፤ እሱን በውሃ እያረጠቡ ነው። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ የእኔ ሙያ ብረት ነው።

ማሽኑ ተገኘ እንበል። ቀጥሎ የሚበሳው ነገር ጥንካሬ ነው። የጥንካሬ መለኪያ የሌለው ሰው አዲስ ሞረድ ይበቃዋል። ሞረዱ ብረቱን በደንብ ከነከሰ ካርባይድ ግድ አይደለም። እየተንሸራተተ ትንሽ ትንሽ ከነከሰ እንደ ባሌስትራ ያለ ነው፤ ሮክዌል ሲ በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 45 አካባቢ። እንደ ኩሽኔታ ቀለበት ጨርሶ ከተንሸራተተ 60 ገደማ ደርሷል። እዚያ ካርባይድ ብቻ ነው የሚገባው፤ እሱም በቀስታ። ስቴንለስና ማንጋኒዝ ያለበት ብረት ግን በሞረድ አይታወቁም። መጀመሪያ ለስላሳ ይመስላሉ። ፑንታው ሳይቆርጥ ከታሸባቸው ግን እዚያው ላይ ይጠነክራሉ። እነሱ ዘንድ ማመንታት አይሠራም፤ ፑንታው ከነካ ጀምሮ መቁረጥ አለበት።

አጭሩን ምረጡ። ይህን ከማንኛውም ልባስ በፊት እናገራለሁ። ቀዳዳው 8 ሚሊሜትር ጥልቀት ካለው 60 ሚሊሜትር ቦይ (ፍቅፋቂ የሚወጣበት ጠምዛዛ ጎድጓዳ) ያለው ፑንታ ምን ይሠራል? ርዝመቱ ሲጨምር መወዛወዙ ይጨምራል። ከውፍረቱ ሦስት እጥፍ የሚበሳ አጭር ፑንታ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። የጫፉ ማዕዘን 140 ዲግሪ የሆነውን ውሰዱ፤ የተለመደው 118 ለጠንካራ ብረት ሾል ይላል። ልባስ ካስፈለገ ጠቆር ያለውን፣ አልሙኒየም ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባለውን፤ ሙቀት ይችላልና። አልሙኒየም የምትበሱ ከሆነ ግን ያለ ልባስ ይሻላል፤ ልባሱ ውስጥም አልሙኒየም አለና ይጣበቃል።

ደህና ካርባይድ ማቀፊያው ላይ የቀለም ምልክትም ይኖረዋል። ሰማያዊ ለብረት፣ ቢጫ ለስቴንለስ፣ ቀይ ለጊዛ (በቀልጦ መቅዳት ለሚሠራው ተሰባሪ ብረት)፣ ግራጫ ለተጠነከረ ብረት ነው። የልጁ ፑንታ ማቀፊያ ላይ ግራጫው ነበረ። ምርጫው ትክክል ነበር ማለት ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ትንሽ ፈካ።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ፑንታ አመጣን። የመጀመሪያው ስባሪ ባሌስትራው ውስጥ ነበር፤ በፑንታ ካርባይድ መብሳት አይቻልም። ጨርቅ ሸፍኜ በአሮጌ ምልክት መምቻ መታ መታ ሳደርገው ተፈረካከሰ። በመርፌ ለቀምነው። ልጁ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሊጀምር ሲል ከለከልኩት፤ ጠርዙ የተጎዳ ቀዳዳ አዲሱንም ይሰብራል። ሌላ ቁራጭ አሰርን። ከሥሩ የጊዛ ጠፍጣፋ አደረግን፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ፍጥነቱን እሱ ራሱ አሰላው። ለዚህ ጥንካሬ በደቂቃ 25 ሜትር ያዝን። 25ን በ1000 አባዝተህ፣ 3.14 ሲባዛ በ6 ለሆነው ታካፍላለህ። 1327 ገደማ ወጣ። ማሽኑ ላይ 1300 አደረግነው። በዙር 0.05 ሲሆን በደቂቃ 65 ሚሊሜትር መውረድ ነው። በመዶሻ የተመታ ነጥብ አላደረግንም፣ ቀድሞ በትንሽ ፑንታ አልበሳንም። ጎበዝ የተባለ ሠራተኛ ሁሉ የሚያደርጋቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ካርባይድ ግን ሁለቱንም አይወድም። የ140 ዲግሪ ጫፍ መሐሉን ራሱ ይይዛል። ቀድሞ የተበሳ ቀዳዳ ካለ ግን መሐሉ ሳይሆን የስለቱ ጥግ ነው መጀመሪያ የሚገጨው፤ ጥጉም ይሸረፋል።

ልጁ የዘይት ማንጠብጠቢያውን አንስቶ ቀረብ አለ። «አስቀምጠው» አልኩት። ወይ ማቀዝቀዣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ ወይ ጨርሶ አይነካውም። በጋለ ካርባይድ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ በጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ነው። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይፈጥራል። እኛ ዘንድ የሚፈስ ማቀዝቀዣ ስላልነበረ በአየር ብቻ እያራገፍን ሠራን።

ወረደ። ድምፁ ወጥ ነበር፤ እንደ ጥሩ ልብስ ስፌት ማሽን። ፍቅፋቂው አጫጭር እየሆነ ወጣ፤ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ቡናማ ነበር። መሐል ላይ እያወጣን አላራገፍንም፤ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ነው የሄደው። ወደ መጨረሻው ስንደርስ አወራረዱን ወደ ግማሽ ቀነስኩ። ብዙ ካርባይድ የሚሰበረው ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ነው፤ ጫፉ ባዶ ሲያገኝ ስለቶቹ የቀረውን ስስ ብረት ይነክሱና ይጎተታሉ። ጊዛውን ከሥር ያደረግነው ለዚህ ነበር፤ ጫፉ ባዶ እንዳያገኝ። ሁሉም ነገር 12 ሰከንድ ያህል ፈጀ። ልጁ ቀዳዳውን በጣቱ ዳሰሰና «በቃ?» አለኝ። በቃ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ ይሄኛው የጤና ነው። ካርባይድ ሲደነዝዝ ሰው መፍጫ ድንጋይ ላይ ሊስለው ይሄዳል። ተራው ግራጫ ድንጋይ አይቆርጠውም፤ ድንጋዩ ነው የሚያልቀው። የሚስለው አረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ድንጋይ ነው። የሚወጣው ብናኝ ግን ተራ የብረት ብናኝ አይደለም። ኮባልትና ተንግስተን ካርባይድ አንድ ላይ ሲተነፈሱ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይጥላሉ፤ «የሃርድ ሜታል ሳንባ» የሚባል በሽታ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ይህን ቅልቅል ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል ከሚላቸው መካከል ጠንከር ባለው ምድብ፣ 2ኤ ውስጥ አስፍሮታል። የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም፤ ለብናኝ የተሠራ ጭምብልና ብናኙን የሚስብ መምጠጫ ያስፈልጋል። እኔ ወጣት ሳለሁ ያለ ምንም ነገር ነበር የምንስለው። አሁን ጫፋቸው ያለቀውን በሣጥን አጠራቅማለሁ፤ ተንግስተኑ ተመልሶ ስለሚሠራ የሚገዙት አሉ።

እንግዲህ ዓምዱን ለሚያዘጋጁት ወንድሜ ወይም እህቴ መልእክቴን አድርሱልኝ። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቦታ ጠቦ ነው ያጠረው። የሚቀጥለው እትም ላይ ግን ከ«ካርባይድ ግዙ» በፊት «የእጅ ድሪል ከሆነ አትግዙ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩልን። ልጁ የሰበረው ፑንታ ስባሪ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ካስፈለጋችሁ ለፎቶ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የመሣሪያ ክፍል ሠራተኛና የዘወትር አንባቢያችሁ